አፍንጫ የሌለው ሳጥን

ሲስተር ባሏን ንቃ የምትጠግብ ሴት አልነበረችም። ንቀቷን የምትጀምረው ከሆስፒታል አዳር ስትመለስ፣ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ፣ በር ላይ ነው።

ባሏ አናጢ ነው። በጓሮ ክፍሉ ወንበርና ጠረጴዛ ይሠራል። ቫርኒሽ የሚረጭበት ኮምፕሬሰር ደግሞ ልክ ከመኝታ ቤቱ ግድግዳ ጀርባ ተቀምጧል። እሷ የሰው ትኩሳት ስትለካ አድራ ጠዋት ጋደም ስትል ያ ጉድ ይነሣል። መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ ብርጭቆው ይጨፍራል፣ የሷም ጥርስ አብሮ።

«እስከ ቅዳሜ ድረስ ዝም ካላሰኘኸው እህቴ ጋ እገባለሁ» አለችው። «ከዚያ ኮምፕሬሰርህን አቅፈህ ተኛ።»

አናጢው አገጩን አከከ። እሱ ማሰብ የሚለው ይሄንኑ ነው። «ሳጥን እሠራለታለሁ» አለ።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ታናሽ ወንድሟ መጥቶ ከቆጣሪው ወፍራም ገመድ ሳበ፤ ለብቻው ብሬከር ገጠመ፤ ማብሪያ ማጥፊያውን ግድግዳው ላይ አደረገ። ሲወጣ «ጋሼ፣ ከታች አየር መግቢያ፣ ከላይ መውጫ እንዳትረሳ። ሞተር ይሞቃል» አለው።

«አንተ አምፖልህን ቀይር። እንጨት እኔ አውቃለሁ።»

ማወቁንስ ያውቃል፤ አንጀቷን ያሳረራትም ይኸው ማወቁ ነው። ከተጋቡ ጀምሮ ቁም ሳጥን ሥራልኝ ስትለው «ነገ» እያለ ልብሷን በሻንጣ ያስቀመጠ ሰው፣ ዘይት ለሚተፋ ብረት የናስ እጀታ ያለው፣ ፊቱ ላይ ትልቅ አበባ የተቀረጸበት፣ እንደ መስታወት የሚያበራ ቤት ሠርቶለታል። ውስጡን በስፖንጅ ለብጦታል። የሷ ፍራሽ እንኳ ያን ያህል ስፖንጅ አይቶ አያውቅም።

«ቀዳዳውስ?» አለችው ሲስተር።

«አበባው ላይ ልብሳ? ዓይን የለሽም እንዴ?»

አስነሣው። ጠርሙስ ውስጥ የገባች ንብ ያህል ብቻ ተሰማ። ሲስተር እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወሰዳት። የቀሰቀሳት የባሏ እርግማን ነው። ማሽኑ የሚቀባውን ጠረጴዛ ግማሽ ላይ ትቶት ቆሟል። አረፍ ብሎ ተነሣና እንደገና ቆመ።

«ወንድምሽ የማይረባ ገመድ ነው የጎተተልኝ።»

እሷ የሥራ ልማድ ሆኖባት መዳፏን አበባው ላይ አሳረፈች። ይፋጃል።

«አንተ ሰውዬ፣ በሽተኛ በብርድ ልብስ ጠቅልለህ አፍንጫውን ደፍነህ ለምን ራሱን ሳተ ትላለህ? ሞቆት ነው የቆመው።»

«ገመዱ ነው» አለና ሌላ ገመድ ሊገዛ ወጣ።

ሲስተር የባሏን መብሻ ድሪል አነሣች። መውጋት እንደሆነ ሥራዋ ነው። አበባውን ከመሃሉ ጀምራ እስከ ጫፉ በሳሳችው። ከሠርጓ ቀን ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። ከዚያ ማሽኑን አስነሣች።

ድምፁ በየቀዳዳው፣ ደወል እንደሰማ ተማሪ፣ እየተጋፋ ወጣ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ ብርጭቆው ጨፈረ። አናጢው ገመዱን ይዞ በሩ ላይ ደረሰና አበባውን አየ፣ እሷን አየ።

«አየሩስ ገባለት» አለ። «እንቅልፍሽ በየት ይገባል?»

ሲስተር ወንድሟን አስጠራችው። ልጁ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«እትዬ፣ አየር እየተጠማዘዘም ያልፋል፤ ድምፅ ግን ቀጥታ መንገድ ነው የሚወደው። የተጣጠፈ የእንጨት ቱቦ ከታች አንድ፣ ከላይ አንድ፤ ሁለቱም ውስጣቸው ስፖንጅ። የላይኛው ጫፍ ላይ ሙቀቱን ስቦ የሚያወጣ ቬንትሌተር እገጥማለሁ። ሞተሩ ሲያርፍም እሱ አያርፍም።»

አናጢው ቱቦዎቹን እያጉረመረመ ሠራ። የተበሳውንም አበባ በእንጨት ቁራጭ ደፈነው፤ ፈንጣጣ የጨረሰው ፊት መሰለ። ይሄን ሲያይ የባሏ ፊት መጥቆሩ ሲስተርን አልከፋትም።

ቅዳሜ ጠዋት ሻንጣዎቿ በር ላይ ተደርድረው ነበር። ከሥራ ገባች፣ ጋደም አለች። ከግድግዳው ጀርባ ንቧ ብቻ። ጠረጴዛው ሙሉ በሙሉ ተቀብቶ እስኪያልቅ ማሽኑ አልቆመም። ስትነሣ ሄዳ መዳፏን የላይኛው ቱቦ አፍ ላይ አደረገች፤ ለብ ያለ ትንፋሽ ነካት። የሌሊት ልብሷን ብቻ አውጥታ ሻንጣዋን መልሳ ዘጋች።

«ቆየሽ ማለት ነው» አለ ባሏ ከበሩ። «ታዲያ ልብስሽን አታወጪውም?»

«አውጥቼ የት ልስቀለው? አበባው ላይ?»

አናጢው አገጩን አከከ። ከዚያ ሜትሩን ከኪሱ አወጣና የመኝታ ቤቱን ግድግዳ መለካት ጀመረ።

«ለቁም ሳጥኑ ግን ቀዳዳ አትርሳ» አለችው።