በቃሬዛ የመጣው ኮምፒውተር

ኮምፒውተር የሌለው የኮምፒውተር መምህር ነበርኩ። ሳቁ፣ ግድ የለም! ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ከተማ ግማሽ ቀን በእግር በሚያስኬድ ትምህርት ቤት፣ ማውስን በጠመኔ እየሳልኩ አስተምር ነበር። ያን ዓመት ደግሞ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በኮምፒውተር ነው ተባለ። የከተማ ልጅ ሲነካካው ያደገውን ነገር የኔ ተማሪዎች በፈተናው ቀን ሊተዋወቁት!

ለምኜ፣ ተጨቃጭቄ ከአንድ የወገዳ ትምህርት ቤት አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አገኘሁ። የግንቦት ዝናብ መንገዱን ስላበላሸው መኪና አይሞከርም። በአህያ ልጭነው ስል፣ ልጃቸውን የማስተምራት አንድ ገበሬ ተቆጡኝ። "ቁልቁለቱ ላይ አህያዋን ቢያዳልጣትስ? ልጄ በምን ልትለማመድ ነው?" አሉና ሰው ሲታመም ወደ ጤና ጣቢያ የሚወሰድበትን የእድሩን ቃሬዛ ይዘው ከጎረቤቶቻቸው ጋር ወገዳ ድረስ መጡ። ኮምፒውተሩን በጋቢያቸው ጠቅልለን፣ በጠፍር አስረን ተነሳን።

በኛ አገር ቃሬዛ ያየ ሰው ዝም ብሎ አያልፍም፤ ትከሻውን ይሰጣል። ከገበያ የሚመለሱት ሁሉ "እግዜር ይማረው!" እያሉ ተቀበሉን። አንዲት እናት "ምነው፣ ምን አገኘው?" ብለው ጋቢውን ገለጥ ቢያደርጉ ጥቁር መስተዋት! "በስመ አብ!" ብለው አማተቡ። እውነቱን ስንነግራቸው ሸካሚዎቹ አስቀምጠውት የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። ማን ሊያስቀምጥ! "ለልጆቹ ከሆነማ ቀስ በሉ፣ አታንገጫግጩት" ብለው እኛኑ ተቆጡን። የማላውቃቸው ሰዎች እየተቀባበሉ፣ ወንዙን አሻግረው ትምህርት ቤቱ በር አደረሱት። እንዲህ ካለ ሕዝብ ጋር በመኖሬ ኮራሁ፤ አሁንም እኮራለሁ።

ከመንደሩ ወፍጮ ቤት ጄኔሬተር በዘረጋነው የኤሌክትሪክ ገመድ ሰካሁት። ትንሽ አጉረመረመና በራ። ክፍሉ በእልልታ ተናጋ። የገበሬው ልጅ ማውሱን ገፋ አደረገችው።

አባቷ ከነጭቃቸው በር ላይ ቆመው ያያሉ። "መምህር፣ አሁን ከከተሞቹ ልጆች እኩል ሆነች?" አሉኝ።

ከኋላዋ ተራ የሚጠብቁትን ተማሪዎች አየሁ። መዋሸት አቃተኝ። "አባባ፣ እዚያ እኮ ለያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ነው" አልኳቸው።

ከዚያ ጎንበስ ብለው ጠፍሩን መጠቅለል ጀመሩ።

"እንግዲያው ቃሬዛው እዚሁ ይደር" አሉ። "ነገ ስንት ሰዓት ነው የምንነሳው?"