በመሐላ የዞረ ምሥጢር

ልጅ ሳለሁ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ ክረምት ሲገባ የፎገራ ሜዳ ውሃ ይተኛበትና ትንኙ መቆሚያ መቀመጫ ያሳጣን ነበር። ያኔ ላሞቹ ታልበው ሲያበቁ አያታችን አባባ ታከለ በረቱ አፍ ላይ ኩበት ያጨሱና፣ እኔንና ታላቅ እኅቴን የሻረግን ከጭሱ አጠገብ አስቀምጠው ተረት ይነግሩን ነበር። ዓይናችን እያለቀሰ እንሰማለን።

አንድ ምሽት ጫጩቶቿን የት እንደደበቀች ለቁራ ሹክ ስላለች ቆቅ ነገሩን። እኔ ለቆቋ አዝኜ፣ «ምሥጢረኛዬ ብላ አምናው እኮ ነው!» ብዬ ተከራከርኋቸው።

ፍሙን በእንጨት ቆስቁሰው፣ «ምሥጢረኛሽ ሰምቶ እንዳልሰማ የሚያድርልሽ ነው፣ ልጄ። ሆድ ካገር ይሰፋል ሲባል አልሰማሽም?» አሉኝ።

ቃሉን ወደድሁት። በማግስቱ ጓደኛዬን አትጠገብን «ምሥጢረኛዬ ነሽ» አልኋት፤ የምነግራት ምሥጢር ግን አልነበረኝም።

ምሥጢሩን ኅዳር ላይ አገኘሁት። ለጥር ልትዳር የታጨችው የሻረግ፣ በመጪው የይፋግ ገበያ ቀን ከገበያተኛው ጋር ተቀላቅላ፣ ጣራ ገዳም ሥር ወዳሉ መነኩሲት ዘመዳችን ልትሸሽ እንደሆነ በጆሮዬ ነገረችኝ። ቆብ ከጫነች ማንም አይድራትም።

«አንች ብቻ ነሽ የምታውቂ» አለችኝ።

እኔም አትጠገብን በማርያም አስምዬ ነገርኋት። እሷ እናቷን አስምላ ነገረች፤ እናቷም ጎረቤቷን። ያገራችን ሰው በመሐላ የተያዘ ነገር አይወጣም ብሎ ያምን ስለነበር፣ ማርያምን ሳያስጠራ የተናገረ አንድም አልነበረም፤ ምሥጢሩም እንዲህ በክብር እየተጠበቀ በሦስተኛው ቀን አባቴ ጆሮ ገባ። የገበያው ዕለት ይፋግ መግቢያ ላይ ጠብቆ መለሳት።

ጥር ላይ ተዳረች። ሙሽሮቹ ሲወጡ እኔ መሬት ላይ ተደፍቼ አለቀስሁ። ሰዉ የእኅት ናፍቆት ነው አለ፤ የጥፋቴ ልቅሶ መሆኑን የምናውቀው እኔና እሷ ነበርን።

ካባባ ታከለ ተረቶች ብዙዎቹ ዛሬ ጠፍተውብኛል። የሻረግ አንድ ቀን እንኳ ተቆጥታኝ አታውቅም። አሁን ሁለታችንም አርጅተናል፤ ስንገናኝ አቅፋ ትስመኛለች፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጓያው፣ ስለ ላሞቿ ታጫውተኛለች። ባሏ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይመታት እንደነበር ግን የሰማሁት እሱ ከተቀበረ በኋላ፣ ከጎረቤቷ አፍ ነው። ለምን እንዳልነገረችኝ አልጠየቅኋትም።