ፕላዝማው ነው የተሳሳተው

መንዝ ዘጠነኛ ክፍል ስማር የእንግሊዝኛ መምህራችን የመርሐቤቴ ቆላ ሰው ነበሩ። ገና ወጣት ቢሆኑም አንቱ ነበር የምንላቸው። ከጓሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ፈጽሞ አልተስማማቸውም። ገብስ አጨዳ ደርሶ ከትምህርት የቀረነውን ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ እየጠሩ ያመለጠንን ያስተምሩናል፤ ማን አስገድዷቸው! እኔማ ክፉ የተናገራቸው ሰው ባገኝ ዓይኑን አወጣው ነበር።

እኚህ ሰው ታዲያ አንድ ሳምንት ሙሉ «ቦሮው ማዋስ ነው፣ ሌንድ መዋስ ነው» ብለው አስተማሩን። ደብተራችን ላይ ጻፍነው፣ በቃላችን ያዝነው። እርሳስ ስንፈልግ እንኳ «ቦሮው ሚ» እየተባባልን ቀበጥን።

ያኔ ትምህርቱ በፕላዝማ ቴሌቪዥንም ይመጣ ነበር። ሐሙስ ዕለት የፕላዝማዋ አስተማሪ በዚያ ፋታ በማይሰጥ እንግሊዝኛዋ ከሰው ስትወስድ ቦሮው፣ ለሰው ስትሰጥ ሌንድ አለችና በሥዕል ጭምር አሳየችን። ተገልብጦ እርፍ! ሁላችንም ዞረን መምህራችንን አየናቸው። በሩ ላይ ቆመው ፊታቸው በርበሬ መስሏል። እኔ አፌ መች ያርፋል፣ ብድግ ብዬ «ቲቸር፣ ፕላዝማው ነው የተሳሳተው!» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ደወሉ ሲደወል አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። አንጀቴን በሉት።

በማግስቱ ሳይታሰብ ሱፐርቫይዘር መጣ። ይህ ሰው «አይችልም» ብሎ የጻፈበት መምህር ከትምህርት ቤቱ ይነሣል ሲባል ሰምተናል። መምህራችን ገና «ትናንት…» ብለው ሲጀምሩ እሱ ቀድሞ የሳምንቱን ትምህርት ከመጽሐፉ አየና እስክሪብቶውን አውጥቶ ወደ እኔ ዘረጋው።

«ይህን እንዳውስሽ በእንግሊዝኛ ጠይቂኝ።»

ትክክለኛውን አውቀዋለሁ፤ ግን እሱን ብናገር መምህሬን ያሳጣኋቸው መሰለኝ። ከመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ፤ ምናለ ዝም ብል! «ፕሊዝ ቦሮው ሚ ዩር ፔን» አልኩ ጮክ ብዬ። አጠገቤ ያለችውን ጠየቃት፤ «ቦሮው ሚ»። ከኋላ ያለውን ጠየቀው፤ «ቦሮው ሚ»። የተማከርን ይመስል ክፍሉ በሙሉ አንድ ቃል ሆነ። ሱፐርቫይዘሩ መምህራችንን ገላመጣቸውና ማስታወሻውን ገለጠ። የሠራሁት ሥራ ያን ጊዜ ገባኝ። አዬ እኔ! ላድናቸው ብዬ አሳልፌ ሰጠኋቸው።

«ልጆቹ ያስተማርኳቸውን ነው የመለሱት» አሉ መምህራችን። «ስሕተቱ የኔ ነው። ትናንት ፕላዝማው ሲያስተምር እኔም ከእነሱ ጋር ተማርኩ።»

ጠመኔ አንሥተው፣ ሰውየው እያየ፣ የሚሰጥ ሌንድ፣ የሚወስድ ቦሮው ብለው ከነምሳሌው ጻፉልን።

ሱፐርቫይዘሩ ወደ እኔ ዞረ። «ትክክለኛውን ታውቂው ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ?»

እንባዬ ቀደመኝ። «እሳቸውን እንዳይወስዱብን ብዬ ነዋ!»

 እሱም ማስታወሻውን ምንም ሳይጽፍበት ከደነና ወጣ። መምህራችንም አሥረኛን እስክንጨርስ አብረውን ቆዩ።

ያን ዕለት ግን በእረፍት ሰዓት አስጠሩኝ። ሊቆጡኝ መስሎኝ ይቅርታ ልል አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ትከሻዬን ያዝ አድርገው፣ «ስሚኝ፣ ሁለተኛ ለማንም ብለሽ፣ ለኔም ቢሆን፣ የምታውቂውን እንዳላወቅሽ እንዳትሆኚ» አሉኝ።