ቀድማኝ ትስቃለች

ሰውየው ግሪክ ውስጥ ካቫላ ወደብ አጠገብ ወዳለው የፎቲኒ የኤሌክትሮኒክስ መጠገኛ ሱቅ የገባው ሁለት ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫዎችንና የቴሌቪዥኑን የኢንተርኔት ሳጥን በወጥ ቤት ፎጣ ጠቅልሎ፣ እንደ ትኩስ ዳቦ ደረቱ ላይ አቅፎ ነው። ሽማግሌ ነው። ያረጀ ሸሚዙ ተተኩሶ ቀጥ ብሏል፤ ከቁልፎቹ አንዷ በሰማያዊ ክር ተሰፍታለች። የወንድ ስፌት አይደለም።

«በቀትር ዕረፍት ድምፅ ከተሰማ ጎረቤታችን ግድግዳ ትደበድባለች» አላት። «ስለዚህ እኔና ባለቤቴ ጆሯችን ላይ አጥልቀን ነው የምናየው። የእኔው ግን ይዘገያል። ቀድማኝ ትስቃለች፣ ልጄ።»

«ታዲያ ምናለበት ጋሼ? እርስዎ በኋላ ይስቃሉ።»

«ብቻዬን?» አለ፣ ደንገጥ ብሎ።

ፎቲኒ ሳጥኑን ከፎጣው አወጣች። የእሷ ባል ምሳውን የሚበላው ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ነው፤ ምን እንዳሳቀው አንድ ቀን ነግሯት አያውቅም። አይታት በማታውቃት አሮጊት ቅናት አንገበገባት።

«የዘገየው አይፈጥንም፤ ምስሉንና የባለቤትዎን ማዳመጫ ድምፅ ነው ትንሽ የምናቆየው» ብላ ሳጥኑን ከሱቁ ቴሌቪዥን ጋር አገናኘች። አንዱን ማዳመጫ እሱ፣ ሌላውን እሷ አጠለቁና ድምፁን ከምስሉ እስኪገጥም አስተካከለች። ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ወፍራም አስተናጋጅ ከነትሪው ሲዘረር ሁለቱም እኩል ሳቁ።

«ይኸዋ! ልክ እንዲህ!» አለ ሽማግሌው። «ደስ ሊላት ነው!»

እሱ ፎጣውን ሲያራግፍ፣ ፎቲኒ ያስተካከለችውን በጥቂቱ መልሳ አዛባችው።

«እንደገና ከዘገየ ይምጡ፣ ጋሼ» አለችው ፈገግ ብላ። «አብረን እናየዋለን።»