በር ሥር የተቀመጠ ሻንጣ

መሥሪያ ቤት ውስጥ «ሚዛኑ» ይሉታል። ሥራው የትኛው ኮንቴይነር መርከቡ ላይ የት እንደሚቀመጥ በኮምፒውተር መደልደል ነው፤ ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ፣ በቀላሉ የሚቀጣጠለው ከሞተሩ ክፍል ራቅ ብሎ። ደግሞም ሩቅ ወደብ የሚሄደው ከሥር ይገባል፤ ቶሎ የሚወርደው ለመውጫው ይቀርባል። አንዱን ቢስት መርከብ ያጋድላል፤ ስለዚህ አይስትም።

ክፋቱ፣ አመሉ ቤቱ ድረስ ተከትሎት ይገባል። ቶሎ የሚወጣው ጃንጥላ በር ሥር፣ ከቤት የማይወጣው ሁሉ ጓዳ። ሚስቱ ሳለች «ቤታችንን ወደብ አደረግከው እኮ» እያለች ትስቅበት ነበር። እሷ ስትሞት የሚስቅበትም የሚያናግረውም ጠፋ። ታላቅ እህቱ ልታጽናናው መጥታ ዓመት ሙሉ አብራው ኖረች። ማታ ሲመጣ መስኮቱ ላይ መብራት ማየት እንዴት ደስ እንደሚለው አንድ ቀን እንኳ አልነገራትም። ምን ዓይነት ሰው ነው!

አንድ ቀን እህቱ ባሕር ማዶ ወዳለው ልጇ ልትሄድ መወሰኗን ነገረችው። እሱ «ደግ» አላት። ዕቃዋ የገባበትን ኮንቴይነር ራሱ ደለደለው፤ የመጨረሻው ወደብ ላይ ስለሚወርድ ከሁሉም ሥር፣ ማዕበል የማይደርስበት ቦታ ሰጠው።

ልትሰናበተው ቢሮው መጣች። በመስኮት ቁልቁል ሲያዩ ክሬኑ ሌሎቹን ኮንቴይነሮች በእሷው ላይ እየደረበ ነበር።

«እትዬ፣ እኔ ጋ ብትኖሪ ምን ነበረበት?»

እህቱ ዞር ብላ አየችው። «አንተ ነህ ይህን የምትለኝ? ከመጣሁ ጀምሮ ሻንጣዬን በር ሥር አስቀመጥክ። ወደ ውስጥ ባስገባው መልሰህ ታወጣዋለህ። ሂጂልኝ ማለትህ ነው ብዬ ዓመት ሙሉ ተሳቅቄ ኖርኩ።»

«ኧረ እኔ ልሙት! እንግዳ ስለሆንሽ ነው... ቀድሞ የሚሄድ ነገር በር በሩን ነው የሚቀመጠው...»

«ታዲያ አፍ የለህም?»

«አሁንስ? አሁን ቅሪ ብልሽስ?»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ልጄ ቤት አሰናድቶ እየጠበቀኝ ነው። ዕቃዬንም ያው፣ አንተው ከሥር ከተትከው» አለችና አገላብጣ ሳመችው።

ማታ ጨለማ ቤት ገብቶ መብራቱን ራሱ አበራ። በር ሥር ሻንጣው የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። ወንበሩ ላይ ሹራቧን ረስታዋለች። የሚላክላት ዕቃ ነውና እንደ ደንቡ ቦታው በር ሥር ነበር። ይዞት ቆመ፣ ቆመና ጓዳ ገባ፤ ጥጉ ድረስ ዘልቆ ከሚስቱ ቀሚስ አጠገብ አኖረው።