የኖራው ምልክት

ሐዲድ ጠባቂው ጡረታ እስኪወጣ ሠላሳ አንድ ዓመት በእግሩ ተመላልሷል። በአንድ እጁ መዶሻ፣ በሌላው የኖራ ቆርቆሮ ይዞ ብሎኖቹን ኳ ኳ እያደረገ ይሄዳል፤ ከሐዲዱ ሥር ውሃ ያቆረ ቦታ ካገኘ አንድ ነጭ መስመር ያሰምርበታል፤ እዚህ ቆፍራችሁ ውሃውን አውጡት ማለቱ ነው። ስሙን ያስረሳው ይኸው ኖራ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ኖራው ይለዋል።

ጡረታ በወጣ በዓመቱ የጥገና ሠራተኞች ከመጨረሻዎቹ ምልክቶቹ አንዱ ጋ ሲቆፍሩ ዶማቸው የነሐስ ሣጥን ነካ። ውስጡ በሐር የተጠቀለለ የጣት አጥንት ነበር። የሙዚየም ሰዎች መጥተው፣ ስምንት መቶ ዓመት የሆነው የቅዱስ ሰው አጥንት ነው አሉና ይዘውት ሄዱ። ሰፈሩ ግን ሌላ ነገር ያዘ፦ ለካ ኖራው የተቀበረውን ያውቅ ነበር።

ኖራው የሚያውቀው ውሃ ብቻ ነው። በተለይ አንዱን፣ በየክረምቱ ከሐዲዱ ቁልቁል ወርዶ የታላቅ እህቱን ቤት የሚያጥለቀልቀውን። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት፤ የጭቃ ግድግዳዋ ከእንግዲህ አንድ ክረምት ቢችል ነው። ቦይ ይቆፈር ብሎ ለሐዲዱ ቢሮ ስድስት ማመልከቻ ጽፏል። "ይታያል" ይሉታል፤ እስካሁን ያየው የለም።

አንድ ቀን ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ጉሮሮው ላይ እንዳደረገ፣ "ጋሼ፣ በሞቴ ይንገሩኝ፤ ሌላ ምልክት የለም?" አለው።

"ከእህቴ ቤት በላይ ሳላሰምር አልቀረሁም" አለ ኖራው።

ውሸት ነበር፤ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን እውነት አደረገው። ከሐዲዱ ግርጌ ጀምሮ በእህቱ ቤት ጎን እስከ ወንዙ ድረስ፣ በየአሥር እርምጃው አንድ ድንጋይ ኖራ ቀባ። ቆርቆሮውን እህቱ ደጃፍ አስቀምጦ ሄደ።

በሳምንቱ ሰፈሩ ነቅሎ ወጣ። ማመልከቻዎቹን ፋይል ውስጥ የሚከተው የቢሮው ጸሐፊ ሳይቀር መዳፉ ውሃ እስኪቋጥር ቆፈረ። አንዱ የሌላውን ጉድጓድ እየተመኘ ወደዚያው ስለሚጠጋ ጉድጓዶቹ ተገናኙ። ኖራው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ "ወደ ታች ዘንበል አድርጉት፤ የጥንት ሰው ቀጥ አድርጎ አይቀብርም" ይላቸዋል።

የመጀመሪያው ዝናብ ወረደ። ውሃው ቦዩን ይዞ ሰተት ብሎ ወንዝ ገባ። ኖራው የምሥራቹን ሊነግራት ወደ እህቱ ቤት ሮጠ። በሩን ሲከፍት እህቱ ከአልጋዋ አጠገብ እስከ ወገቧ ጉድጓድ ውስጥ ቆማለች። ከጎኗ ግድግዳው ላይ አንድ ነጭ መስመር አለ። ካቻምና ጎርፉ የደረሰበትን ልክ ለቢሮው ማስረጃ እንዲሆን ያሰመረው ራሱ ነው።

"እትዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"ውጭ ሲለፉ እያየኋቸው እስቅ ነበር" አለች ላቧን እየጠረገች። "ዋናውን እዚህ ለእኔ ምልክት አድርገህልኝ የለ። ዝም ያልከኝ ሰው እንዳይሰማ ብለህ መስሎኝ።"

ኖራው ሳቁ መጣ። ወዲያው ከጉድጓዱ በላይ ግድግዳው መሰንጠቁን አየና ሳቁ ጠፋ። ያን ሁሉ ሰው ሲያሞኝ፣ የለፋላትን እህቱን አንዲት ቃል አላማከራትም ነበር። እጅግ አፈረ። ስለ ቦዩም ስለ ምልክቱም አንድ በአንድ ነገራት።

ሰምታ ስትጨርስ ከጉድጓዱ ወጣችና አካፋውን አቀበለችው። "በል ሙላው።"

ኮቱን አውልቆ ሞላ፣ ረገጠ፣ ጠቀጠቀ። ጨርሶ ቀና ሲል እህቱ ከደጃፍ ያመጣችውን የኖራ ቆርቆሮ ይዛ ቆማለች። ጎንበስ ብላ ከሞላው ጉድጓድ አንዱ ጥግ ላይ ነጭ መስመር አሰመረች።

"አንተ ልጅ፣ እዚህ ጋ ገና ነው" አለችው።