አባየ ለመኪናዋ ያደረገላት ጥጥ

ቁልፍ ሲዞር ሞተሩ ሳይነሣ «ቀጭ» ብሎ ዝም የሚል መኪና ከሰማሁ፣ ዛሬም የያዝሁትን አስቀምጬ እቆማለሁ። ሰው ይስቅብኛል፤ ያልደረሰበት ይሳቅ።

ልጅ እያለሁ ቤታችን ከውጫሌ ወደ ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። አባየ ገበሬ ነው፤ የበቅሎ ቁስል ግን እንደሱ የሚያውቅ በአገሩ አልነበረም። ጀርባዋ የተላጠ በቅሎ ሲያመጡለት ቁስሉን በቅቤ ያሽና፣ ኮርቻው እንዳይፍቃት ጥጥ ጠፍጥፎ ከሥር ያደርግላታል። «ቁስል ላይ አይጫንም» ይል ነበር ዘወትር።

አንድ ክረምት ዘውዴ የሚባል የእህል ነጋዴ ሾፌር ዝናብ ይዞት እኛ ዘንድ አደረ። የፍልሰታ ጾም ነበርና እማየ ለብቻው ሽሮ ሠራችለት። መኪናዋ ግቢያችን ቆማ ቤንዚኗና እርጥቡ አፈር አንድ ላይ ሲሸት፣ እኛ ልጆቹ አፍንጫችንን ነፍተን ዙሪያዋን እንዞራለን። ዘውዴ ሳይመሽ ኮፈኑን ከፍቶ ባትሪውን አየና፣ ገመዱ የሚታሰርበት ራሱ አረንጓዴና ነጭ ዝገት እንዳወጣ፣ ማሰሪያውም እንደላላ ነግሮን እራቱን ሊበላ ገባ። አባየ ግን ብቻውን ቆሞ ሲያያት ቆየ።

ጧት ቤቱ ተሸበረ። እህቴ ሐሊማ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እንደ ወጉ እናቷ ቤት መጥታ ነበር። ምጡ ጠንቶባት ድምጿ እየደከመ ሄደ። አዋላጇ አሮጊት ወጥታ፣ «ከእኔ እጅ አልፏል፣ ደሴ አድርሷት» አለች። ጎረቤት ቃሬዛ ይዞ ደረሰ። ደሴ በትከሻ ይደረሳል እንዴ? ያለችው መኪናዋ ብቻ ናት።

ዘውዴ ቁልፉን አዞረ። ቀጭ። ደገመ። ቀጭ።

«ፋራውን እዩልኝ፣ የፊት መብራቷን!» አለ።

«በርቷል!» አልን። ቁልፉን ሲያዞር «ጠፋ!» ብለን ጮኽን። ሲለቀው መልሶ በራ። ወርዶ ከሥር ገባና ሞተሩን የምታስነሣዋን ሞተሪኖ በድንጋይ ቀጠቀጣት፤ ያው ቀጭ። እንግፋት ተባለ። ከመስጊድ የወጣው፣ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው፣ ሁሉም ትከሻውን ሰጠ። እኔም ጭቃ እየረጨችብኝ ከኋላ ገፋሁ። ጎማው እየተንሸራተተ ከጭቃው አልወጣ አለ። ከቤት ውስጥ የሐሊማ ድምፅ ይመጣና ይቋረጣል፤ ሲቋረጥ ነበር ይበልጥ የምፈራው።

ያኔ አባየ ወደ ዘውዴ ጠጋ ብሎ፣ «እንዲያው ቁስሏ አልሻራት ይሆን? ማታ እኮ በቅቤ አሽቼላት ነበር» አለው።

«ምኗን ነው ያሹት?»

«እዚያ ያሳየኸንን ነዋ። ገመዱን አንሥቼ ጥጥም አድርጌላታለሁ፣ እንዳይፍቃት።»

ዘውዴ ኮፈኑን ከፈተ። ገመዱን ከባትሪው ራስ ያለያየ፣ ቅቤ የጠጣ ጥጥ ከሥር ጎተተ፣ ጎተተ።

«አያ ሰይድ! እሷ እኮ በቅሎ አይደለችም!»

«ቁስል ሁሉ ቁስል ነው ብየ ነዋ፣ ልጄ!» አለ አባየ።

መሳቂያ ጊዜ አልነበረም። ዘውዴ የባትሪውን ራስ በቢላዋ ፋቀው፣ እማየ ለምጡ ካፈላችው ሙቅ ውሃ አፍስሳ ሰጠችው፣ አጠበ፣ አደረቀ፣ ገመዱን ጥፍር አድርጎ አሰረ። ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ አጓራች። ሴቶቹ እልል አሉ፤ አባየ ጭቃው ላይ ሱጁድ ወረደ። ሐሊማ ደሴ ደርሳ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ይመር አልነው።

ይኸው ይመር ጠጉሩ ሸብቶ እኔን ሐይቅ ላይ የሚጦረኝ እሱ ነው። ለውጥ መጣ ብለን ደስ ባለን በጥቂት ዓመት ጦርነቱ ወደኛ ሲመጣ፣ ከውጫሌ በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ እየተሰማ፣ አሮጊቷን ሐሊማን ከይመር መኪና የኋላ ወንበር አስቀምጠን ልንወጣ ቁልፉን አዞረ። ቀጭ።

መንገዱ በሰውና በመኪና ሞልቷል። ይመር፣ «ግፉልኝ፣ በአላህ!» እያለ ይጣራል። ማን ይቁም? ሁሉም የራሱን አሮጊት ጭኗል፤ አልፈርድም። ይመር ቁልፉን እያዞረ ያለቅሳል። «ተው አጎትህን ስማ፣ ኮፈኑን ክፈት» አልሁት። ያው ዝገት ነው፣ አረንጓዴና ነጭ። በኪሴ በያዝሁት ሰንጢ ፋቅሁ፣ ከጀሪካኑ ውሃ አፍስሼ አጠብሁ፣ በጋቢየ ጫፍ አደረቅሁ። ተነሣች። እልል ያለ ግን አልነበረም። ሐሊማ ብቻ ከኋላ ሆና፣ «አባየ ጥጥ አድርጎላት ነው?» አለች። በዚያ ጭንቅ መሀል ሦስታችንም ሳቅን።

አገር ሲረጋ ተመልሰን ጋራዥ ወሰድናት። መካኒኩ ገመዱን አጥብቆ ካሰረ በኋላ ከላይ ግራሶ ቀባላት፤ ዝገት ይከለክላል አለን። አባየ ከቅቤው አልተሳሳተም ማለት ነው፤ የተሳሳተው ከጥጡ ነው። በሕይወት ቢኖር ሄጄ እነግረው ነበር።

ያን ጊዜ አንዲት መኪና ስትታመም አገሩ ሁሉ ጭቃ ውስጥ ይገባላት ነበር። ዛሬ መኪናው በዝቷል፣ መንገዱም አስፋልት ነው፤ ልቤ ግን አላረፈም። ጧት ይመር ቁልፉን ሲያዞር አልጋየ ላይ ሆኜ ትንፋሼን እይዛለሁ። ስትነሣ «አልሐምዱሊላህ» እላለሁ፤ ወዴት እንደሚሄድ እንኳ ሳልጠይቅ።